አንገትና ጉልበት

«አንገቷን ማጎንበስ ያቃታት ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ወጣቷ ሐኪም እናትየዋን ጠየቀቻት። ጠዋት ልጅቷ «ራሴን አመመኝ» ስትላት፣ እናትየዋ የትምህርት ቤት ፈተና ፈርታ የምታስመስል መስሏት ልብስ ማጠቧን ቀጥላ ነበር። አሁን ሚጣ በትኩሳት እየነደደች የምርመራ አልጋው ላይ ተጋድማለች፤ ከመስኮቱ ብርሃን ፊቷን ትሸሽጋለች።

ሐኪሟ መዳፏን ከልጅቷ ማጅራት ስር አስገብታ ጭንቅላቷን በቀስታ አነሳች። አንገቷ እንደ እንጨት ደርቆ ትከሻዋ አብሮ ተነሳ። ጉልበቶቿም ብድግ ብለው ታጠፉ። ሚጣ ጮኸች።

«አየሽ! ልትሰብራት ነው እኮ!» አለች አብራቸው የመጣችው የአባቷ ታላቅ እህት።

«እግሯን አልነካሁትም» አለች ሐኪሟ። «ራሱ ነው የታጠፈው። ጤነኛ ሰው አንገቱ ሲነሳ ጉልበቱ አይታጠፍም፤ ማጅራት ገትር ጠርጥሬያለሁ። ለማረጋገጥ ከወገቧ በመርፌ ትንሽ ፈሳሽ እንወስዳለን።»

«ከወገቧ? ሽባ ልታደርጊያት? ተነሺ እንሂድ! እኔ የማውቀው ሰውዬ አለ፤ አንድ መርፌ ወግቶ ነው የሚያስነሳት።»

እናትየዋ ሁለቱንም በጎሪጥ አየቻቸው። ሐኪሟ የልጇን ጉልበት በክንዷ ገፍታው ይሆን? ይሄ ሰውዬስ ማነው? ምን ብሎ ነው የሚወጋት?

«ዶክተር፣ እስቲ እኔን አንሺኝ።»

«እርስዎን?»

«አዎ፣ እኔን። ልክ እንደሷ አድርገሽ።»

ጫማዋን አውልቃ ባዶው አልጋ ላይ በጀርባዋ ተኛች።

«ጉድ ፈላ! በሽተኛዋ የቷ ናት?» አለች አክስትየዋ።

ሐኪሟ ሳቋን ውጣ የእናትየዋን ጭንቅላት አነሳች። አገጯ ደረቷን ነካ። እናትየዋ ጉልበቷን ጠበቀችው፤ ንቅንቅ አላለም።

«ድገሚው።»

ተደገመ። ያው ነው።

ተነስታ ወደ ሚጣ ሄደች። «አይዞሽ የኔ እናት፣ ትንሽ ብቻ» ብላ የገዛ እጇን ከማጅራቷ ስር አስገባች። ገና ቀና ስታደርጋት ጉልበቶቿ ብድግ አሉ። እግሯን ማንም አልነካም።

«መርፌውን አምጪው» አለች ወደ ሐኪሟ ዞራ። «እኔ እይዛታለሁ።»

«ለወንድሜ እነግረዋለሁ! አንድ ነገር ብትሆን እኔ የለሁበትም!»

«ይሁን፣ እትዬ።»

ሐኪሟ እንዳሳየቻት ሚጣን በጎኗ አስተኛቻት፤ ጉልበቶቿን ወደ ሆዷ ሰብስባ አቀፈቻት። በሩ ሲዘጋ ዞር ብላ አላየችም።

አክስትየዋ ሄደች። እናትየዋ ቀረች።