የአቶ ሚልዮን ቢጫ ቁራጭ

ጥሩዬ ካዛንችስ ውስጥ ሳይፈርሱ ከቀሩት ሕንፃዎች በአንዱ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ ማተሚያ ቤት ዲዛይነር ናት። ፖለቲካ አትወድም፤ ምርጫ ሲመጣ የምታስበው ስለ ባነር መጠን ብቻ ነው። የአንድ ክልል ምክር ቤት የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ፣ አቶ ገብረጻድቃን፣ ፍላሽ ይዘው ሲመጡም ሥራውን እንደ ማንኛውም የሠርግ ካርድ ነበር የተቀበለችው።

«የምክር ቤታችን አባላት በየፓርቲያቸው የሚታዩበት ፖስተር ነው» አሉ። «የውጭ አገር እንግዶች ይመጣሉ። ክብ ግራፍ ይኑረው፣ ቀለም በቀለም ይሁን።»

ፋይሉን ከፈተችው። መቶ ሃምሳ ሁለት አባላት፤ መቶ ሃምሳ አንዱ የገዢው ፓርቲ፣ አንዱ የተቃዋሚ። ገዢውን ሰማያዊ፣ ተቃዋሚውን ቢጫ አድርጋ ስክሪኑን አዞረችላቸው።

አቶ ገብረጻድቃን መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። «ቢጫው የታለ?»

በጥፍሯ ነካችላቸው። «ይቺ ክር የምትመስለው።»

«ስክሪንሽ የተሰነጠቀ ነው የሚመስለው! ማለቴ፣ መድብለ ፓርቲ መሆናችን መታየት አለበት። ትንሽ አስፊው።»

አሰፋችው። «ትንሽ ጨምሪ።» ጨመረች። «በቃ! አሁን ዴሞክራሲ መሰለ» ሲሉ ቢጫው የክቡን ሩብ ይዞ ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሠላሳ ስምንት ሰው ነው።»

«ማን ይቆጥረዋል?»

ከግራፉ ሥር የአባላቱን ፎቶ ያለ ፓርቲ ስም በፊደል ተራ ስትደረድር የአንድ ሰው ብቻ ጎደላት፤ የተቃዋሚው፣ የአቶ ሚልዮን። ስትደውልላቸው ለዓይን ሕክምና አዲስ አበባ እንደመጡና ለገሃር አካባቢ እንደሆኑ ነገሯት። በማግስቱ ደረጃውን እያለከለኩ ወጡ፤ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፣ ቀጭን። ግራፉን ቀረብ ብለው አዩት።

«ቢጫው እኔ ነኝ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ወፍሬያለሁ።»

ጥሩዬ አፈረች። ላስተካክለው ብትል እሳቸው እጃቸውን አወዛወዙ።

«ተዪው፣ ልጄ። በሦስት ዓመት ይህን ያህል ቦታ ተሰጥቶኝ አያውቅም። ለንግግር ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈቀድልኝ፤ አንዱን ማይክ ሲያስተካክሉ ይጨርሱታል።»

«ድምፅ ሲሰጥስ?»

«‹ተቃውሞ?› ሲባል አዳራሹ በሙሉ ዞሮ ያየኛል። አንድ ቀን በጤና ጣቢያ ጉዳይ ተስማምቼ እጄን ባላወጣ ተቆጡኝ። ለካ ‹በአንድ ተቃውሞ ጸደቀ› የሚለውን ዜና አስቀድመው ጽፈውታል።»

ጥሩዬ ሳቀች። ፎቷቸውን ራሷ አነሳቻቸው፤ ኮሌታቸውንም አቃናችላቸው። ፖስተሩ ታትሞ ሄደ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አቶ ሚልዮን ደወሉ።

«እንግዶቹ መጡ» አሉ። «ፖስተሩ ፊት ቆመው አዩት፣ ከዚያ አዳራሹን አዩት። መሪያቸው በአስተርጓሚ ‹ቢጫዎቹን ማነጋገር እንችላለን?› አለ። ተነሳሁ። ‹ሌሎቹስ?› አለ። አፈ ጉባኤው ገብረጻድቃንን ያያሉ፤ ገብረጻድቃን ጫማውን ያያል።»

«ወይኔ! እርስዎስ ምን አሉ?»

«‹ስብሰባ ረግጠው ወጥተዋል› አልኩ።»

ጥሩዬ ማውሱን ለቀቀች።

«እንግዶቹ ደንግጠው ጻፉት። ‹ቅሬታቸው ምንድን ነው?› ብለው አፈ ጉባኤውን አፋጠጧቸው። ሰውየው ምን ይበሉ? ‹ፖስተሩ ውሸት ነው› አይሉ ነገር! ላብ በላብ ሆነው ከሠላሳ ሰባቱ ጋር ውይይት እንደሚደረግ ቃል ገቡ።»

«ከየት አምጥተው?»

«እሱማ ለእኔ ተሰጠ። ‹የወጡትን አባላት የሚመልስ ኮሚቴ› ተቋቁሞ ሰብሳቢው እኔ ሆኛለሁ። ቢሮ ሰጡኝ፣ ማኅተም ሰጡኝ። ሠላሳ ሰባቱን ለማግኘት ግን ጊዜ ያስፈልገኛል ብዬ ጽፌላቸዋለሁ።»

«ስንት ጊዜ፣ ጋሼ?»

«እስከሚቀጥለው ምርጫ።»

ጥሩዬ ሳቋ አልቆም ሲላት፣ የማተሚያ ማሽን ሠራተኛዋ እጸገነት ድምፁን ሰምታ ማሽኑ ውስጥ ወረቀት የተቀደደ መስሏት እየሮጠች መጣች።