የዳልጮ ለቅሶ

ዘርፈሽ ለባሏ አላለቀሰችም። ሦስት ዓመት ሙሉ አላለቀሰችም። ይህን የሚያውቅ የአርባ ምንጭ፣ የሴቻ ሰፈር ሰው ግማሹ "ብረት ናት" ይላል፤ ግማሹ ከንፈሩን መጦ "ወይ ጉድ፣ ምን ዓይነት ልብ ነው!" ይላል። ሁለቱም አላወቋትም። ዘርፈሽ ያላለቀሰችው ባሏ መሞቱን የነገራት ስለሌለ ነው።

ባሏ ዳልጮ ከላንቴ ወዲያ፣ አባያ ሐይቅ ጥግ ያለች የአንዲት ትንሽ ቀበሌ ሊቀመንበር ነበር። በአንድ የጥቅምት ሐሙስ ጠዋት፣ ሐይቁ ዳር ያለውን የወል ግጦሽ ድንበር አይቼ እመለሳለሁ ብሎ በሞተር ሳይክሉ ወጣ። ያን መሬት አጥሮ ሙዝ ሊተክልበት የቋመጠ ብዙ ነበር፤ ዳልጮ ደግሞ የወል መሬት የከብት ነው ብሎ ድርቅ ያለ ሰው ነው። ለምሳ አልመጣም። ለራትም አልመጣም። በማግስቱ ሞተሩ አንድ ግራር ሥር ቆሞ ተገኘ፤ ቁልፉም እንደተሰካ ነው። ሰውየው ግን የለም። ጫማ የለ፣ ደም የለ፣ የተቀደደ ልብስ የለ።

ያን ሰሞን ከተማው ያላወራው ነገር የለም። የአርባ ምንጭ ወሬ እንደ ሙዛችን ነው፤ ጥሬውን ይጫንና መንገድ ላይ ይበስላል። ከታችኛው ከተማ ከሲቀላ ሲነሳ "አዞ ሳይበላው አይቀርም" የነበረው፣ ዳገቱን ወጥቶ ሴቻ ሲደርስ "አዞው ሲጎትተው ያየ ዓሣ አስጋሪ አለ" ይሆናል። አንዱ ሞያሌ ላይ አየሁት አለ። ሌላው ሴት ይዞ ነው የጠፋው አለ፤ ይህን ያለው ሰው ዘርፈሽን ገበያ ላይ ሲያገኛት እንደ ዘመድ ጉንጯን ስሞ ሰላም ይላታል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ሦስት ዓመት አደረ፤ ምንም አልጠራም።

ለቅሶ አልቀመጥም ያለችበት ሌላም ምክንያት ነበራት። ዘርፈሽ የምትሠራው አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት መዝገብ አውጥታ መዝገብ መልሳለች። ክፍት መዝገብ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ቢጠፋ ይፈለጋል፣ አለቃም ይጮህበታል። የተዘጋ መዝገብ ግን በሲባጎ ታስሮ ከጓሮው መጋዘን ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የሚያገላብጠው አይጥ ብቻ ነው። ፖሊስ ዘንድ ያለው የዳልጮ መዝገብ ክፍት ነው። ድንኳን ተተክሎ፣ እድርተኛ ተቀምጦ፣ ሚስቱ ጥቁር ለብሳ ከታየች ማን ይፈልገዋል? "ሚስቱ እንኳ ቁርጧን አውቃለች" ይባላል። የቤተ ክርስቲያናቸው ወንጌላዊ አንድ እሑድ ጠጋ ብሎ፣ "እህቴ፣ የምንጸልየው እንዲመለስ ነው ወይስ እንድትጽናኚ?" ብሎ ሲጠይቃት፣ "እንዲመለስ" አለችው።

መከራው የጸናው አማቷ ላይ ነበር። እማማ ማሚቱ የወለዱት አንድ ዳልጮን ነው። እድሩም ዘመዱም ያለ ሚስቱ ፈቃድ ድንኳን አንተክልም ስላሉ፣ አሮጊቷ እንባቸውን እንደያዙ ተቀምጠዋል። ጎረቤት ሊጠይቃቸው ይመጣና የሚለው ያጣል። እግዜር ያጽናሽ እንዳይል ሰውየው አልሞተ፤ እንኳን ደስ ያለሽ አይባል። ስለ ዝናብና ስለ ሙዝ አውርቶ ይሄዳል። በዚህ ዓመት ደግሞ እማማ ማሚቱ አልጋ ላይ ዋሉ፤ ዘርፈሽ ልትጠይቃቸው ስትወርድ እጇን ይዘው፣ "ልጄን ሳላለቅስ ልሙት ነው የምትይኝ?" አሏት። ዘርፈሽ ትንሿን ልጇን ሜሮንን በእጇ ይዛ በሚኒባስ ወደ ሴቻ ተመለሰች፤ መንገዱን ሁሉ ራሷን ስትረግም ሄደች።

የአገር ሽማግሌዎቹ የመጡት ከዚያ ወዲህ በሁለተኛው ቅዳሜ ጠዋት ነው። አምስት ናቸው። ሁሉም እጃቸው ላይ እርጥብ ሳር ይዘዋል። ፊት ፊት የሚሄዱት የዳልጮ አጎት፣ የአባቱ ታናሽ ወንድም አቶ አሞጽ ነበሩ። ዘርፈሽ በዓለም ላይ እንደ እሳቸው የምታምነው ሰው አልነበራትም። ዳልጮ የጠፋ ጊዜ ጀልባ ለምነው፣ የሐይቁን ደንገል በዱላ እየገለጡ አርባ ቀን የፈለጉት እሳቸው ናቸው። ከዚያም ወዲህ በየሐሙሱ አንድ እጅ ሙዝ ይዘው፣ ሁለት መኪና ቀይረው ይጠይቋታል። አባባ ነበር የምትላቸው።

ሳሩን ስታይ የመጡበት ገባት። የጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከተንበረከከ እንቢ አይባልም። ደም የተቃባ ይታረቃል፤ ድንጋይ ያነሳ ጎረምሳ ድንጋዩን ይጥላል። አምስቱም በረንዳው ሲሚንቶ ላይ፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ጉልበታቸው እየተንቋቋ ተንበረከኩ።

ትልቁ ሽማግሌ አቶ ሀብተወልድ ናቸው የተናገሩት። እሳቸው አማርኛን ገበያ ላይ ስለተማሩት ወንዱንም ሴቱንም አንተ ነው የሚሉት።

"ልጄ፣ እንቢ አትበል" አሏት። "ማሚቱ እየሄደ ነው። እሱ ሳያለቅስ ከሄደ ነውሩ የሁላችን ነው። ለቅሶው ይውጣ። ሳሩን ተቀበል።"

"ተነሡልኝ አባቶቼ፣ ስለ እግዚአብሔር ተነሡ" አለች ዘርፈሽ።

"እሺ ካላልሽ አንነሣም" አሉ አቶ አሞጽ። ድምፃቸው የለመደችው ያው ለስላሳ ድምፅ ነው። "ሦስት ዓመት ጠበቅን፣ ልጄ። ይብቃሽ። አንቺም እረፊ፣ እኛም እንረፍ።"

ዘርፈሽ ቆማ አየቻቸው። እንቢ ማለት እንደማትችል ታውቃለች፤ እሺ ካለች ደግሞ ዳልጮን በገዛ አፏ ልትቀብረው ነው። ከበረንዳው ወረደችና አጥሩ ሥር ካለው ሰርዶ አንድ ጭብጥ ነጭታ ተመለሰች። ከዚያም እዚያው ሲሚንቶ ላይ፣ ፊት ለፊታቸው ተንበረከከች።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሴት ሳር ይዛ ለሽማግሌ ስትንበረከክ ያየም የሰማም የለም። አንዱ "ኧረ ይሄ ሥርዓት አይደለም" ብለው ሊነሡ ሲሉ አቶ ሀብተወልድ እጃቸውን ያዟቸው። "ተወው። ሳር ማን ያዘኝ ብሎ አይጠይቅም" አሉ። "በል ልጄ፣ ተናገር።"

"የእናንተን ተቀብያለሁ" አለች። "ድንኳኑ ይተከል። እናንተ ደግሞ የእኔን ተቀበሉኝ። ሳሩን እንደያዛችሁ፣ በየተራ፣ 'ዳልጮ ምን እንደሆነ አላውቅም' በሉኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ነገ ልጄ 'ስለ አባቴ ጠይቀሻል ወይ?' ስትለኝ፣ እስከ መጨረሻው ጠይቄያለሁ እንድላት ነው።"

ማንንም ጠርጥራ አልነበረም። እነዚህን አባቶች! የምትጠይቀው ሰው ስላለቀባት ብቻ ነው የጠየቀቻቸው።

እርጥብ ሳር ይዞ የዋሸ ሰው ጎሜ ይይዘዋል ይባላል፤ ክፋቱ ከራሱ አልፎ ልጁንና ከብቱን ይከተላል። ወንጌል ከገባ ወዲህ በዚህ አናምንም የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ሳሩን ጨብጦ የዋሸ ግን እስካሁን አልተሰማም።

አቶ ሀብተወልድ ጀመሩ። "ዳልጮ ምን እንደሆነ አላውቅም። ባውቅ ተሸክሜ አመጣልህ ነበር።" ሁለተኛው አሉ። ሦስተኛው አሉ። አራተኛው እያለቀሱ አሉ። የቀሩት አቶ አሞጽ ናቸው።

አቶ አሞጽ ሳሩን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩት።

"አባባ" አለች ዘርፈሽ።

"እኔ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነኝ" አሉ ቀስ ብለው። "መሐላ በእኛ ዘንድ ክልክል ነው።"

"መሐላ አይደለም፣ አባባ። አላውቅም ማለት ብቻ ነው።"

አቶ አሞጽ ሳሩን አዩት። ከዚያ ሳሩን ሲሚንቶው ላይ፣ እንዳይበተን የተጠነቀቁ ይመስል ሰብሰብ አድርገው አስቀመጡት። "ጉልበቴን አሞኛል" አሉና ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ። ማንንም ሳያዩ በበሩ ወጡ።

ዘርፈሽ ተከትላ ሮጠች። "አባባ! አባባ አሞጽ!" ብላ ጮኸች። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። እሳቸው ግን አልዞሩም፤ ቁልቁል ወደ ሚኒባሱ መቆሚያ ሄዱ። መንገዱ መሃል ቆማ ጀርባቸው እስኪሰወር ድረስ አየች። ዳልጮ እንደማይመለስ ያወቀችው ያኔ ነው። የት፣ እንዴት፣ በማን እጅ እንደሆነ አላወቀችም፤ እንደማይመለስ ብቻ አወቀች። ሦስት ዓመት የያዘችው ተስፋ ከሆዷ ሲወጣ ተሰማት። አርባ ቀን ደንገል የገለጡት እነዚያ እጆች ምን እንዳይገኝ ነበር የሚፈልጉት? በየሐሙሱ ያመጡትን ያን ሁሉ ሙዝ ለልጇ አብልታለች።

ስትመለስ አቶ ሀብተወልድ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው ራሳቸውን ይዘዋል። "ለማሚቱ አይነገር" አሏት። "ልጁም ወንድሜ የሚለው አሞጽም በአንድ ቀን አይሙትበት። አልቅሶ ይውጣለት። ከዚያ በኋላ እኛ አሞጽን እንይዛለን፣ ዱቡሻ ላይ፣ በአገር ሸንጎ ፊት እንጠይቃለን።"

ሰኞ ዕለት ፖሊስ ዘንድ ሄደች። መርማሪው ወጣት ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። መዝገቡን አውጥቶ የነገረችውን ሁሉ ጻፈ። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "እህቴ፣ ሳር ማስቀመጥ ማስረጃ አይሆንም" አላት። አቶ አሞጽ ተጠርተው ቀረቡ። ጉልበቴን አሞኝ ነው አሉ። የሕክምና ወረቀትም ነበራቸው። ከምሳ በፊት ቤታቸው ገቡ።

ድንኳኑ ሐሙስ ዕለት እማማ ማሚቱ ግቢ ተተከለ፤ ከዚህ ሐይቁ፣ ከዚያ የጋሞ ተራራ ይታያል። እማማን ከአልጋ አንሥተው፣ ፍራሽ ላይ ደጋግፈው አስቀመጧቸው። ያቺ ለመናገር አቅም ያጣች ሴት የልጇን ስም ስትጠራ ጉሮሮዋ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ከሙዝ እርሻው ማዶ ድረስ ተሰማ። በሦስት ዓመት የተጠራቀመ እንባ ነው። ያላለቀሰ ሰው አልነበረም። ዘርፈሽ ጥቁር ለብሳ አጠገባቸው ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ግን ደረቅ ነው። እንባው እምቢ አለ።

በሦስተኛው ቀን አቶ አሞጽ መጡ።

የሚያውቁት አራቱ ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፉ። እማማ ማሚቱ ግን ሲያዩዋቸው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። "ና ወንድሜ፣ ና እዚህ ጋ" አሉ። አጠገባቸው አስቀምጠው ራሳቸውን አቶ አሞጽ ትከሻ ላይ ጣሉ። "አንተ ባትኖር ልጄን ማን ይፈልግልኝ ነበር? ሐይቁን ስትዞር ከረምክልኝ። እግዚአብሔር ብድርህን ይክፈልህ።"

ዘርፈሽ ተነሣች። አንድ ቃል ምላሷ ላይ ነበር። ያን ቃል ብትጥለው ድንኳኑ በእሳት እንደተያያዘ ይሆናል፤ የአሮጊቷም ነፍስ እዚያው ትወጣለች። አማቷን አየች። ሦስት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ዕለት ፊታቸው ቀለል ብሎ አይታ አታውቅም። ቃሉን ዋጠችው። ወደ ጓዳ ገብታ በጣሳ ውኃ ይዛ መጣችና ለአቶ አሞጽ አቀበለቻቸው። ጎንበስ ብላ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማት አድርጋ ተናገረች።

"ማን እንደሆነ አልጠይቅዎትም። ለምን እንደሆነም አልጠይቅዎትም። ይህን ብቻ ይንገሩኝ፤ ወደ ሐይቁ ዞሬ ነው የማለቅስለት ወይስ ወደ ተራራው?"

አቶ አሞጽ ቀና ብለው አዩዋት። ዓይናቸው እንባ ሞላ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ጠበቀች፤ እሳቸው ግን ጋቢያቸውን ስበው ፊታቸው ላይ ጣሉት። እማማ ማሚቱ "አይዞህ ወንድሜ፣ አይዞህ" እያሉ በመዳፋቸው ጀርባቸውን መታ መታ ያደርጉ ጀመር።

ዘርፈሽ ጣሳውን ከእጃቸው ተቀብላ መሬት አስቀመጠች። ከአማቷ በሌላኛው ጎን ተቀመጠች። ወደ ሐይቁም ወደ ተራራውም ሳትዞር፣ እግሯ ሥር ያለውን አፈር እያየች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኻ አለቀሰች።