ዱጉማ ሸፊ የሚባል ሰው

አስተርጓሚው ገለታ ከኬላው ጠረጴዛ ላይ ተንጠራርቶ ቋጠሮውን በእርሳሱ ነካ አደረገው። የዱጉማ ጋቢ ጫፍ ከሸፊ ኩታ ጫፍ ጋር ከተቋጠረ ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ ነው፤ የሐምሌ ዝናብ ሲመታው ሰንብቶ ጠጥሯል።

ዱጉማ አንድ ቦታ መቆም አቅቶታል። እናቱ ሾዴ ሸጎሌ ላይ ነፍሷን ይዛ እየጠበቀችው እንደሆነ ማለዳ መልእክት ደርሶታል። ምርቃቷን ሳይቀበል ብትሞትበት ዕድሜ ልኩን ይቆጨዋል። ሸጎሌ ከጉለሌ ሩቅ አይደለም፤ ጣሊያን ከገባ ወዲህ ግን ያለ ይለፍ ወረቀት ኬላውን ማለፍ የለም።

«ማነው ያቆራኛችሁ?» አለ ገለታ።

«ዳኛ ነገራ ናቸው» አለ ሸፊ። «ድንበራችን ላይ ስለበቀለች ባሕር ዛፍ ከስሼው ነው። ለረቡዕ ቀጥረውን ነበር፤ ማክሰኞ እናንተ ወሰዳችኋቸው።»

ወግ ወግ ነው። የተቆራኘን ባለጉዳይ የሚፈታው ያቆራኘው ዳኛ ነው፤ ቀድሞ ቋጠሮውን የነካ ተረታ። ሁለቱ ጎረቤታሞች ስድስት ቀን ሙሉ ጎን ለጎን እየበሉ፣ ጎን ለጎን እየተኙ ሲሰዳደቡ ሰነበቱ እንጂ አንዳቸውም ቋጠሮውን አልነኩም። ለአንዲት ዛፍ! ዛፏማ ከተረሳች ቆይታለች፤ የቀረው እልህ ነው።

ገለታ ጉዳዩን ለጣሊያኑ መኮንን አስተርጉሞ ተመለሰ። «የነገራ ዳኝነት ተሽሯል። ስለዚህ አልታሰራችሁም ብለዋል።»

«እንግዲያው መኮንኑ ይፍቱና!» አለ ዱጉማ።

«ያልታሰረ እንዴት ይፈታል?»

«እሺ፣ እንዲሁ አሳልፉን።»

«ይለፍ የሚሰጠው ለአንድ ለአንድ ሰው ነው። ተያይዞ ማለፍ ክልክል ነው።»

ቀኑ ተጋመሰ። ዱጉማ ለመነ፣ የገለታ እግር ላይ ወደቀ፤ ሸፊም አብሮት ወደቀ፣ ምን ምርጫ አለው። ገለታ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ብልሃት ያበዛል እንጂ። ብዕሩን አነሳና «ዱጉማ ሸፊ፣ አንድ ሰው» ብሎ ጻፈ።

«የኔ አባት ቶለሳ ነው!»

«ዛሬ ሸፊ ነው። ዝም በል።» ከዚያም ማኅተሙን ቀለም ውስጥ ነክሮ ቋጠሮው ላይ ደለቀው። የክቡ ግማሽ በጋቢው፣ ግማሹ በኩታው ላይ ቀረ። «ባሥራ አንድ ሰዓት ተመለሱ። አንድ ሰው ሆናችሁ ወጥታችሁ ሁለት ሆናችሁ ብትመጡ፣ አንዳችሁ ያለ ይለፍ የገባ ሽፍታ ነው።»

ሁለቱም የሽፍታን ነገር ያውቃሉ። ባለፈው ቅዳሜ ኬላው አጠገብ የተሰቀሉትን አይተዋል።

ጭቃውን እያቦኩ ሮጡ። የሸፊ ጫማ ማጡ ውስጥ ቀረ፤ ሸፊ ግን ቁም አላለውም።

የሾዴ ዓይን ከጠፋ ሰንብቷል። ዱጉማ መደቧ ሥር ሲንበረከክ ሸፊም የግዱን ተንበረከከ። እጇ አንዱን ራስ ዳበሰ፣ መረቀ፣ ከዚያ ሌላ ራስ አገኘ።

«ይሄ ማነው?»

«ጎረቤቴ ነው እማዬ። ሸፊ።»

እሱንም መረቀችው። ጣቶቿ ጨርቁን ተከትለው ወረዱና ቋጠሮው ላይ ቆሙ።

«እማዬ፣ ተይው!»

አልሰማችም። የሞት አፋፍ ላይ ያለችን እናት እጅ ይዞ የሚያስቆም ልጅ የት ይገኛል? ሸፊም አላስቆማትም። ሾዴ በጥፍሯ እየቆረቆረች፣ እያረፈች፣ ስድስት ቀን የጠጠረውን ቋጠሮ ፈታችው።

«እግዜር ይፍታችሁ» አለች። እጇ ከዚያ በኋላ አልተነሳም።

ሴቶቹ ዋይታውን ሲጀምሩ ሸፊ ጆሮው ሥር ተጠጋ። «ዱጉማ ወንድሜ፣ ሰዓቱ...»

ልጆቻቸው ከኬላው ወዲያ፣ ጉለሌ ናቸው። ዱጉማ እናቱን ሳይቀብር ወጣ። መንገዱን እያለቀሰ ተጓዘ። ማንም አላሰራቸውም፤ ግን እንደለመዱት ጎን ለጎን ሄዱ።

ኬላው ሲታይ ከባሕር ዛፎቹ ጥግ ተቀመጡ። ሸፊ የኩታውን ጫፍ ዘረጋ። «ከሳሹ እኔ ነኝ። እኔ ልቋጥረው።»

«አይሆንም። የፈታችው የኔ እናት ናት» አለ ዱጉማ። ጫፉን ተቀብሎ ቋጠረ።

የማኅተሙ ግማሾች አልገጠሙም። ፈትቶ እንደገና ቋጠረ። ከኬላው በኩል የአሥራ አንድ ሰዓቱ መለከት ተነፋ፤ ዘበኛው ወደ መንገዱ ወጣ።

ሸፊ አጎንብሶ ክቡን አየ። «የገብስ ፍሬ ታህል ቀረህ» አለው።

ዱጉማ ዓይኑን በክንዱ ጠረገና ቋጠሮውን እንደገና ፈታው።