ኮሚቴው የመረጠው ካያክ

ድንቄም ኮሚቴ! ሁለቱም እግራቸውን ሐይቅ ውስጥ ነክረው አያውቁም። ሊቀመንበሩ አቶ ገብረ መድህን ውሃ የሚያውቁት በላስቲክ ጠርሙስ ነው። የንብረት ክፍሉ የኋላሸት ደግሞ አንዴ ላንጋኖ ሄዶ ዳር ላይ ዓሣ ጥብስ በልቶ ተመልሷል። እነዚህ ናቸው እንግዲህ አሰላ፣ የበጎ አድራጎት ማኅበር ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብለው ለዝዋይ ሐይቅ ጀልባ የሚመርጡት።

ሲስተር ዙቤዳ የዚያው ማኅበር አዋላጅ ናት። ማክሰኞ ማክሰኞ ከአሰላ ቁልቁል ትወርድና በማኅበሩ የሞተር ጀልባ ደሴት ላይ ያሉትን ነፍሰ ጡሮች ታያለች፤ ምጥ የጠናባትን ይዛ ትወጣለች። ችግሩ የሞተር ጀልባው ዳር አይደርስም። ደሴቷን ዙሪያውን የከበባት ቄጠማ ሞተሩን ይጠልፈዋል፤ ስለዚህ ነጂው ሚፍታ መቶ እርምጃ ሲቀረው ያቆማል። ያቺን መቶ እርምጃ ሴትዮዋን በትከሻ ተሸክሞ፣ እስከ ወገብ በሚውጥ ጭቃና በአልቅት መሃል ማለፍ ነው። ባለፈው ዓመት ከዲጃ የምትባል የሁለት ልጆች እናት እንደዚያ ስትወሰድ አንዱን ተሸካሚ አዳለጠውና ውሃ ውስጥ ወደቀች። ጎትተው ሲያወጧት ነፍሷ አልወጣችም ነበር። ሆስፒታል ሳትደርስ ግን አለፈች።

ከዚያ ወዲህ ዙቤዳ የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ተጣጥፎ ሞተር ጀልባው ላይ የሚጫን፣ ቄጠማው ጋ ሲደርስ የሚነፋ፣ አንዲት ሴት እግሯን ዘርግታ የምትተኛበት ሰፊ ካያክ፣ በመቅዘፊያ የሚሄድ ትንሽ ጀልባ። ስትጽፍ፣ ስትመላለስ፣ ስትጨቀጭቅ ዓመት ሞላት። ግንቦት ላይ ሁለት ካያኮች ለናሙና ከአዲስ አበባ መጡ። አንዱ ግራጫ ነው፣ ወለሉ ሰፊና ጠፍጣፋ፣ መልክ ግን የለውም። ሌላው ቀይ፣ ቀጭን፣ አፍንጫው የሾለ፣ የአንድ ሰው ወንበር ያለው። ዙቤዳ ግራጫውን ገና ሳይፈታ አቅፋ ልትስመው ምንም አልቀራት።

«ሐይቁ ላይ ወስደን እንሞክራቸው» አለች።

«ለዚህ ብሎ ቆላ የሚወርድ አለ?» አሉ አቶ ገብረ መድህን። «በአየር የሚሠራ ነገር አይደል? ጎሚስታ ጋ እናስነፋውና እናየዋለን።»

ወደ ኢተያ መውጫ ላይ ያለው የቱሳ ጎሚስታ ቤት ሄዱ። ያካፋል። ሁለቱን ካያኮች ግሪስ በጠጣው ጭቃ ላይ ዘረጓቸው። ቱሳ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጭነት መኪና ጎማ ሲነፋ የኖረ ሰው ነው። ግራጫውን በጣቱ ዳሰስ አደረገና ራሱን ነቀነቀ።

«ጌታው፣ ይሄ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ አይደለም። ስስ ነው።»

«አብሮት የመጣው ወረቀትም በእግር ፓምፕ ብቻ ይነፋ ይላል» አለች ዙቤዳ።

«ሲስተር!» አሉ አቶ ገብረ መድህን፣ «ከዲክሲስ ስንዴ የሚጭን አይሱዙ አለኝ እኮ። ስለ አየር ልታስተምሪኝ ነው?»

ኮምፕሬሰሩ ተነሳ። ግራጫው ቀስ እያለ ተነፋ፣ ጎኖቹ ሞሉ፣ ወለሉ ተወጠረ። ቱሳ ሊያቆም ሲል አቶ ገብረ መድህን ጠጋ ብለው በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት። ከዚያ በጫማቸው ጫፍ መታ መታ አደረጉት፤ የአይሱዙ ጎማ የሚመታው እንደዚያ ነዋ!

«ለስላሳ ነው። ጨምር።»

«ይበቃዋል ጌታው።»

«ጨምር እልሃለሁ! እንዲህ የረገበ ነገር ውሃ ላይ ምን ይሠራል?»

«ኧረ በአላህ ተዉት!» ብላ ዙቤዳ ጮኸች። የኋላሸት ክንዷን ይዞ ወደ ኋላ መለሳት። ቱሳ ወደ እሷ አየ፣ ወደ ሊቀመንበሩ አየ፣ ቀጥሎ አየሩን ጨመረ። ምን ያድርግ፣ የቢሮው መኪኖች ሁሉ ደንበኞቹ ናቸው።

ጧ! አለ። ጎኑ ከዳር እስከ ዳር ተተረተረ፤ ጭቃው ፊታቸው ላይ ተረጨ። የዓመት ልመናዋ ጭቃ ላይ ተልፈስፍሶ ተኛ። 

አቶ ገብረ መድህን መሐረባቸውን አውጥተው ግንባራቸውን ጠረጉ። ያፍራሉ ብላችሁ ነው? «አያችሁ?» አሉ። «ጥራት የለውም። እንኳን እዚህ ፈነዳ።»

ዙቤዳን አንገሸገሻት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በልቧ አንቱታውን ነሳችው። አንቱ የሚባል ሰው እንዲህ አያደርግም።

«ይሄ እኮ ይጠገናል» አለ ቱሳ የተቀደደውን እያገላበጠ። «ማጣበቂያው ካለ በሁለት ቀን እሠራዋለሁ።»

«በፈተና የወደቀ ዕቃ አይጠገንም፤ ላቅራቢው ይመለሳል» አለ ገብረ መድህን። ለዚህ ለዚህ ጊዜ መመሪያ አያልቅበትም።

የቀዩ አየር ማስገቢያ ቫልቮላ ለኮምፕሬሰሩ አፍ አልገጥም አለ። ስለዚህ የኋላሸት በእግር ፓምፕ ነፋው፤ እግሩ ሲደክመው አቆመ፤ ካያኩም ደህና ሆኖ ቁጭ አለ። ቀይነቱና ሹልነቱ ሰው ሰበሰበ። ገብረ መድህን የኋላሸትን ውስጡ አስቀምጦ፣ መቅዘፊያ አስይዞ፣ ጭቃ ላይ ፎቶ አነሳው። ጎረምሶቹ አጨበጨቡ።

«ሴትዮዋ የት ትተኛለች?» አለች ዙቤዳ።

«ትቀመጥ!» አለ ገብረ መድህን። «ወንበር አለው እኮ፣ መደገፊያ ሳይቀር።»

«ምጥ ላይ ያለች ሴት እግሯን ገጥማ ትቀመጥ?»

«ሲስተር፣ ዝርዝር ውስጥ አትግቢ።»

ኮሚቴ ዕቃ ከመረጠ በኋላ ምሳ አለ፤ ይህ የማይቀር ነው። ወሰዷት። የት? ሥጋ ቤት! የክርስቲያን ሥጋ ዙቤዳ እንደማትበላ ትዝ ያለው አንድ ሰው የለም። ለስላሳ ይዛ ጥግ ላይ ተቀመጠች። ገብረ መድህን ጥሬውን እየቆረጠ፣ ሚጥሚጣ እያጠቀሰ፣ አፉ ሞልቶ እያወራ ነበር። ጥርሱ መሃል የገባውን ጅማት በጥፍሩ እየጎለጎለ ስለ ካያኩ ምርቃት ቀን ያወጋል። የክልል እንግዳ ይመጣል፣ ቀዩ ካያክ ሞተር ጀልባው አናት ላይ ይታሰራል፣ ባነር ይሰቀላል። እፍ! ያንን አፍ እያየች ለስላሳው እንኳ አልወርድላት አለ።

የኋላሸት ቃለ ጉባኤውን ሥጋው ትሪ አጠገብ ዘረጋው። ዙቤዳ አነበበችው። «በተጠቃሚዋ ባለሙያ ምርጫ መሠረት ቀዩ ካያክ እንዲገዛ ተወስኗል» ይላል።

«እኔ አልመረጥኩም።»

«አጻጻፉ ነው፤ ሁሌም እንዲሁ ነው የሚጻፈው» አለ የኋላሸት።

ገብረ መድህን ጣቱን ላሰ። «እንግዲህ ካልፈረምሽ አይገዛም። ዘንድሮ ካልተገዛ ደግሞ መቼ እንደሚገዛ አላውቅልሽም። ሴቶቹ አንቺን ነው የሚጠብቁት፣ እኔን አይደለም።» ስክሪብቶውን ሰጣት። ሞራ ነክቶት ያዳልጣል።

ዙቤዳ ከዲጃን አሰበች። ከምንም ይሻላል ብላ ራሷን ልታሳምን ሞከረች። ቢያንስ የክትባት ሳጥን ይይዛል፣ ቢያንስ ቀለል ያለችዋን ሴት ያሳልፋል አለች። እንደማያሳልፍ ግን ታውቅ ነበር። ፈረመች። «ጎበዝ!» አለ ገብረ መድህን፣ በዚያው ጣቱ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ። ዙቤዳ ያን ጊዜ ከእሱ ይልቅ የቀፈፈቻት ራሷ ናት።

ከፈረመች በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ሚፍታ ቄጠማው ዳር ሞተሩን አጠፋና ቀዩን ካያክ ነፍቶ እየገፋ ደሴቷ ዳር አደረሰው። ደሴቷ ላይ ሙቢና የምትባል ልጅ ምጥ ይዟት ከንጋት ጀምሮ ትደማለች፤ የመጀመሪያ ልጇ ነው። ደግፈው አምጥተው ሊያስቀምጧት ሞከሩ። ወንበሩ ወገቧን አጣብቆ ያዛት፣ ጉልበቷ ሆዷን ተጫነው፣ ካያኩ ወደ ጎን አጋደለና ውሃ ገባበት። ልጅቷ የጮኸችው ጩኸት ሐይቁን አቋርጦ ተሰማ። ጎትተው አወጧትና ደረቁ ላይ አስተኟት።

እናቷ ቀዩን ነገር ከላይ እስከ ታች አየችው። ዓመት ሙሉ ጀልባ ይመጣል ሲባሉ ነው የኖሩት።

«ይሄን የመረጠላችሁ ማነው?» አለች።

 የገብረ መድህን ስም ዙቤዳ ምላስ ጫፍ ላይ ደረሰ። ቃለ ጉባኤው ላይ መራጭ ተብሎ የሰፈረው ስም ግን የእሱ አይደለም።

«እኔ ነኝ፣ እናቴ» አለች።

ሴትዮዋ ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ዞር ብላ እንትፍ አለች፣ ውሃው ላይ።

«እንግዲያው ነይ ተሸከሚ።»

ዙቤዳ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ጭቃው ውስጥ ገባችና ትከሻዋን ሰጠች።