ሃያኛዋ ጤነኛ

ቁጥር ሃያ ማን እንደሆነች ከዚያ ክፍል ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እህቴ ናት።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። እኔ የደም ላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ። መንግሥት ልብን፣ ሳንባንና ደምን አብረው ለሚያጠኑ የምርምር ድጋፍ እሰጣለሁ አለ፤ ለየብቻው የሚያመለክት ከደጅ ይመለሳል። የእኛ ሦስት ክፍሎች ደግሞ አንድ ኮሪደር ላይ ሆነው ለዓመታት ተኮራርፈው የኖሩ ናቸው። ልቡ ያበጠ ነው እያልን የምናማው የልብ ሐኪም፣ የሳንባ ሐኪሟን ሲያይ ስልኩን የሚያነብ ይመስላል። ድጋፉ ሲታወጅ ግን ሁሉም አንድ ጠረጴዛ ከበው ይሳሳቁ ጀመር። ጉድ ነው አልኩ በልቤ።

መመሪያው ሃያ በሽተኞችና ሃያ ጤነኞች የተመረመሩበትን የመነሻ ውጤት አያይዙ ይላል። በሽተኛ ሞልቶናል፤ የጠፋው ጤነኛ ነው። ሠራተኛውን ለምነን፣ ዘመድ አዝማዱን ለምነን አስራ ዘጠኝ ላይ ቆምን። ያኔ ነው ታናሽ እህቴን ከልብስ ስፌት ማሽኗ ላይ አስነስቼ ያመጣኋት። ፎርሙን ራሴ ሞላሁላት፣ ደሟን ራሴ ቀዳሁ፣ በስሟ ፈንታ ሃያ የሚለውን ቁጥር ራሴ ለጠፍኩ። ልቧን ልብ ክፍል አየ፣ ትንፋሿን ሳንባ ክፍል ለካ። ሁሉም በየራሱ ሰንጠረዥ መዝግቦ ዘጋ።

ማመልከቻው በሚላክበት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሦስቱን ሰንጠረዦች ለመጀመሪያ ጊዜ ጎን ለጎን ግድግዳው ላይ አበራናቸው። የሳንባ ሐኪሟ ጣቷን የመጨረሻው መስመር፣ ቁጥር ሃያ ላይ አሳረፈች። ልብ ክፍል፣ የልቧ ቀኝ ጎን ትንሽ ሰፋ ብሏል ብሎ አልፏል። ሳንባ ክፍል፣ ወደ ደሟ የሚያልፈው ኦክስጅን ትንሽ ቀንሷል ብሎ አልፏል። እኔም በገዛ እጄ፣ ቀይ የደም ሴሏ ትንሽ በዝቷል ብዬ አልፌያለሁ። አንዱ ብቻውን ምንም አይደለም፤ ሦስቱ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ግን ሌላ ነገር ነው።

"ይቺ ሴት ጤነኛ አይደለችም" አለ የልብ ሐኪሙ፤ ኩራቱ ሁሉ ከፊቱ ጠፍቷል። "የሳንባዋ ደም ስር ግፊት ከፍ ብሏል። ሳትታከም ከቆየች ይገድላታል።"

አለቃዬ፣ ስም የተሸፈነው በምክንያት ነው፣ ለጊዜው መስመሩን አውጥተን ማመልከቻ መቀበያው እስከሚዘጋበት እስከ አስራ አንድ ሰዓት ሌላ ጤነኛ እንፈልግ ማለት ጀመረ።

"እህቴ ናት" አልኩ።

ደውዬ ጠራኋት። ደረጃው አናት ላይ ቆሜ ስትመጣ አየኋት፤ በየመታጠፊያው ብረቱን ይዛ ትቆማለች። የልብ ሐኪሙ ራሱ እንደገና መረመራት፤ የሳንባ ሐኪሟ ከጎኑ ሆና ስክሪኑን ታያለች። ማመልከቻው ሳይላክ አስራ አንድ ሰዓት አለፈ። ማንም አላነሳውም።

የሳንባ ሐኪሟ፣ ድካሙ ከጀመረሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ ብላ ጠየቀቻት። እህቴ ዓመት አልፎታል አለች። ሐኪሟ ግራ ገብቷት ፎርሙን አውጥታ ገለጠች። ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥርዎታል ከሚለው ፊት ለፊት፣ "አያጥረኝም" የሚለው ላይ ምልክት አለ።

"ታዲያ እዚህ ላይ ለምን አያጥረኝም አልሽ?" አለቻት።

እህቴ እኔን አየች። የዚያን ቀን እኮ ነግራኛለች። ያጥረኛል እንጂ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምወጣው ብላኛለች። እኔ ደግሞ ስንፍና ነው፣ አታካብጂ ብዬ፣ ሃያ እንዲሞላልን ምልክቱን አደረግኩ።

"ረስቼው ነው" አለች እህቴ። "የእኔ ጥፋት ነው።"

አልጋ ላይ ተኝታ ትንፋሽ እያጠራት እኔን ትሸፍናለች። ፎርሙን ከሐኪሟ እጅ ወሰድኩ።

"እሷ ነግራኛለች" አልኩ። "አያጥራትም ያልኩት እኔ ነኝ።"

እህቴ እጇን ሰድዳ እጄን ያዘችኝ። ጣቶቿ ቀዝቅዘዋል፣ ጥፍሮቿ ሰማያዊ ሆነዋል። ያንን ሰማያዊ ዓመት ሙሉ አይቼዋለሁ፤ የምትሰፋው ጨርቅ ቀለም የለቀቀባት ይመስለኝ ነበር።