የተወለወለው ቱቦ

ዲላ ውስጥ ሦስት የከተማ አውቶብስ አለ ሲባል የሰማ ሰው ሦስት መኪና ይጠብቃል። እኛ ጋራዥ የነበረን ግን አንድ ተኩል ነው። አንደኛው ደህና ይሄዳል። ሁለተኛው ሦስት ቀን ሠርቶ አራት ቀን ይተኛል። ሦስተኛው ከሞተ ዓመት አልፎታል፤ መለዋወጫ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ እያልን ብሎኑን አንድ በአንድ እየፈታን ለሁለተኛው እናበላዋለን። የዚህ ሁሉ ጉድ ዋና መካኒክ እኔ ነኝ፤ ሥርጉት። ቁጡ ነሽ ይሉኛል፣ ልክ ናቸው።

ያን ሰኞ ቁጣዬ ሁሉ ወደ ጭንቀት ዞሮ ነበር። ምክር ቤቱ ቁርጡን ነግሮናል፦ ሁለት አውቶብስ ተሳፋሪ ጭኖ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት መናኸሪያ ካልገባ አገልግሎቱ ይዘጋል፤ መኪኖቹም በጨረታ ይሸጣሉ። "ባጃጅ አለ አይደል?" የሚል ሰው አይጠፋም። ባጃጅ ግን የቆጮ ጥቅል የተሸከመች ሴት ሲያይ ሽታው ወንበሬ ላይ ይቀራል ብሎ ይሸሻል። እናቴን ዝናብ ላይ እንዲያ ጥሏት ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ እነዚያ አውቶብሶች ሲሸጡ ቆሜ ማየት አልፈለግሁም።

ቅዳሜንና እሑድን ሁለተኛው አውቶብስ ሆድ ሥር ተኝቼ አሳለፍኩ። የኋላው የፍሬን ቱቦ ተሰነጣጥቆ ስለነበር ፈትቼ አወጣሁትና በምትኩ ከሦስተኛው ደህናውን ነቀልኩ። እዚህ ላይ ስለ ተሻለ መናገር አለብኝ። ተሻለ የዕቃ ቤታችን ኃላፊ ነው፤ አሮጌው ካልተመለሰለት አዲስ አይሰጥም፣ ቆሻሻ አሮጌም አይቀበልም። በቤንዚን አጥበህ፣ አድርቀህ፣ ወልውለህ ካላመጣህለት መደርደሪያዬ ቆሸሸ ብሎ ያኮርፋል። በዚህ የተነሳ እኛ ጋራዥ የሞተ ዕቃ ከሕያው ይልቅ ያምራል። እኔም የተሰነጠቀውን ቱቦ አጥቤ የጫማ ቀለም ቀባሁት። እጄ ከቆሸሸ አይቀር ብዬ ደህናውንም አብሬ ወለወልኩና ሁለቱንም ግድግዳው ላይ ጎን ለጎን ሰቀልኳቸው። ምሳ በልቼ ስመለስ አንዱን አንስቼ ገጠምኩ። ግቢያችን ሜዳ ነው፤ ፍሬኑን ስሞክረው ያዘልኝ። ፈረምኩ።

ሰኞ ማለዳ አንደኛው አውቶብስ ተሳፋሪ ጭኖ መናኸሪያ ገባ፤ ሁለተኛው ወደ ዩኒቨርሲቲው ዳገቱን ወጣ። የሚነዳው ገመቹ ነው። አብረውት የአገልግሎታችን ኃላፊ አቶ እንድርያስ እና ከምክር ቤቱ ለታዛቢነት የተላኩት ወይዘሮ ገነት ተሳፍረዋል። ከላይ ተማሪና ገበያተኛ ጭነው ወደ መናኸሪያ ይወርዳሉ።

ሁለት ሰዓት ላይ አሮጌውን ቱቦ ከሚስማሩ አውርጄ ለተሻለ ወሰድኩለት።

"እስቲ እጠፊው፣ ስንጥቁን ልየው" አለኝ።

አጠፍኩት። ስንጥቅ የለም። ገልብጬ አጠፍኩት። መሐሉን በጥፍሬ ቧጠጥኩት፤ ጥቁሩ ቀለም ጥፍሬ ላይ ቀረ፣ ከሥሩ ያለው ጎማ ግን እንደ አዲስ ነው።

"ይሄማ ጤነኛ ነው" አለ ተሻለ።

የተሰነጠቀው አውቶብሱ ላይ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የእኔ ጥድፊያ ግን የሚፈታው ሌላ ሰው ላይ ነው። ዳገት ሲወጣ ፍሬን ብዙ አይረገጥም። ሲወርድ ነው ጉዱ። ከዩኒቨርሲቲው እስከ ድልድዩ ያለው መንገድ በሙሉ ቁልቁለት ነው፤ ከድልድዩ ከፍ ብሎ ደግሞ የትምህርት ቤት በር አለ።

ገመቹ ጋ ደወልኩ። ዝግ ነው። መሪ የጨበጠ ሹፌር ስልኩን ይዝጋ የሚለውን ደንብ ያወጣሁት እኔው ነኝ። የቀሩኝ አቶ እንድርያስ ናቸው። ስማቸውን ስልኬ ላይ አወጣሁ፣ አውራ ጣቴን አስጠጋሁ፣ መልሼ አራቅሁት። ወይዘሮ ገነት አጠገባቸው ተቀምጠዋል። እሳቸው ጋ ደወልኩ ማለት አገልግሎቱን በገዛ እጄ ዘጋሁት ማለት ነው። ያን ሁሉ ሰው እያሰብኩ ይህንንም አሰብኩ። ዛሬም ያሳፍረኛል።

ያኔ ፍሬ ትዝ አለችኝ። ፍሬ ቁልቁለቱ ከሚጀምርበት ላይ አናናስ ትሸጣለች። በእኛ አገር መንገድ ላይ መኪና የተበላሸበት ሰው ቅጠል ቆርጦ አስፋልቱ ላይ ያነጥፋል፤ ቅጠል ያየ ሹፌር ከፊቴ የቆመ መኪና አለ ብሎ ይቆማል። ይህን የማያውቅ ሹፌር የለም።

"ፍሬ፣ ቅጠል ቆርጠሽ መንገዱ ላይ አንጥፊ። አሁኑኑ።"

"የምን ቅጠል?"

"ያገኘሽውን። አውቶብሳችን እንዲቆም ነው።"

"እዚህ ከእንሰቴ ሌላ ምን አለ? እንሰት ለአስፋልት ይቆረጣል እንዴ?"

"እክስሻለሁ። ቁረጪ ብቻ።"

ስልኩን ሳትዘጋ ስትሮጥ ይሰማኛል። እኔም ደህናውን ቱቦ፣ መፍቻዬንና የፍሬን ዘይት ይዤ ባጃጅ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። ሐሳቤ ቀላል ነበር። አውቶብሱ ይቆማል፤ እደርሳለሁ፤ አንድ ብሎን ሳላጠብቅ ረስቼ ነው እላለሁ፤ ቱቦውን ቀስ ብዬ እቀይራለሁ። ሰውም ይተርፋል፣ ስሜም ይተርፋል።

"መጣ" አለች ፍሬ። ትንፋሿ ይቆራረጣል። "ቆመ። ገመቹ ወረደ። ግራ ቀኝ ያያል።"

"እሺ።"

"ሥርጉትዬ፣ ቅጠሉን እያነሳው ነው። የልጆች ሥራ ነው ይላል።"

"እንዲቆይ ንገሪው!"

"ሰዓት የለኝም እያለ ነው። ምን ልበለው?"

ባጃጇ ዳገቱ ላይ እየተነፋረቀች ነው። ገና ግማሽ መንገድ ይቀረናል። የፍሬ ስልክ ጆሮ ማዳመጫው ከተበላሸ ቆይቷል፤ ያለ ድምፅ ማጉያው አይሰማም፤ ከባለቤቷ ጋር ስትጣላ እንኳ ሠፈሩ ሁሉ ከሁለቱም ወገን ይሰማል። ይህን እያወቅሁ ነው የተናገርኩት።

"ስልኩን ስጪው" አልኳት።

የገመቹ ድምፅ መጣ። "ሥርጉት? ምንድነው ነገሩ?"

"ገመቹ፣ እንዳትነቃነቅ። የኋላው የፍሬን ቱቦ የተሰነጠቀው ነው።"

"እሑድ ቀየርሽው አይደል እንዴ?"

"አልቀየርኩትም። የተሰነጠቀውን መልሼ ገጠምኩት። ተሳስቼ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የፈረምኩትም እኔ ነኝ። ሰውን አውርድ፣ ድንጋይ ጎማው ሥር አድርግ።"

ከዚያ የአቶ እንድርያስ ድምፅ ከሩቅ ተሰማኝ፤ "ወይዘሮ ሥርጉት፣ ሁላችንም ሰምተናል።"

ስደርስ ተሳፋሪዎቹ ቁልቁለቱን በእግራቸው ጀምረውታል። ተማሪዎቹ ደብተራቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው በአጠገቤ አለፉ። አንዳቸውም አልሰደቡኝም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። የቀሩት ቆጮ ለገበያ የሚያወርዱት ኦሮሞዋ ወይዘሮ፣ አደ ቦንቱ፣ ብቻ ናቸው። የቆጮ ጥቅላቸው ስለከበዳቸው እንሰቱ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል።

መጀመሪያ እውነቱን ማየት ፈለግሁ። ገመቹ የቆመውን መኪና ፍሬን እንዲረግጥ ነግሬው ጎንበስ አልኩ። አንድ፣ ያዘ። ሁለት፣ ቱቦው እንደ ተነፋ አንጀት አበጠ። ሦስተኛውን ሲረግጥ ፈነዳ፤ ዘይቱ ከሥር ባነጠፍኩት የእንሰት ቅጠል ላይ ፈሰሰ።

ገመቹ ወርዶ አየው። ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ጠረገ። "ሦስተኛውን የምረግጠው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ነበር" አለ።

መፍቻዬን ይዤ ከመኪናው ሥር ገባሁ። ደህናውን ቱቦ ከመግጠሜ በፊት ሁለት ጊዜ አጥፌ አየሁት። የወይዘሮ ገነት ጫማ መጥቶ ጭንቅላቴ አጠገብ ቆመ።

"ሦስት ሰዓት አልሞላም" አሉ። "ተሳፋሪ ጭኖ ከገባ ገባ ነው፤ ውሳኔያችን አይለወጥም። እርስዎ ግን ከዛሬ ጀምሮ አይፈርሙም።"

"ይሁን" አልኩ። እያለቀስኩ ነበር። ስወጣ የፍሬን ዘይት ዓይኔ የገባ መሰላቸው።

አየሩን ከፍሬኑ አስወጥተን ደጋግመን ሞከርነው። አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ። ገመቹ ወጥቶ መሪውን ጨበጠ። እኔ ከፊት፣ መስታወቱ ሥር ቆምኩ። አደ ቦንቱ ጥቅላቸውን አስይዘውኝ ገቡና ተቀመጡ። ከእኛ ሌላ ተሳፋሪ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ያን ቁልቁለት በሕይወቴ ስንት ጊዜ ወርጄዋለሁ። ያን ቀን ግን ገመቹ ፍሬን በረገጠ ቁጥር የእኔም እግር አብሮ ወለሉን ይረግጥ ነበር። የትምህርት ቤቱን በር አለፍን። ድልድዩ አጠገብ ያለው ፌርማታ ላይ በእግራቸው የወረዱት ተሰብስበው ቆመዋል። ገመቹ አቆመና በሩን ከፈተ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ወይዘሮ ገነት ሰዓታቸውን አዩ። እኔ የምለውን ሁሉ እዚያ ላይ ብያለሁ።

አደ ቦንቱ በመስኮት አንገታቸውን አወጡ። አማርኛቸው ወንድና ሴት ብዙም አይለይም።

"ግቡ እንጂ" አሉ። "ያበላሸው እሷ ነው። እሷም ውስጥ አለ።"

አንዲት ተማሪ ጓደኛዋን አየቻትና እግሯን ደረጃው ላይ አደረገች። ከኋላዋ ሌላዋ ተከተለች፣ ከዚያ አንድ ሽማግሌ፣ ከዚያ ሌላው ሁሉ። መናኸሪያ ስንገባ ሦስት ሰዓት ሊሞላ አራት ደቂቃ ይቀረው ነበር።

ከሰዓት የፈነዳውን ቱቦ ለተሻለ ወሰድኩለት። አላጠብኩትም። ዘይቱ ይንጠባጠባል፣ የእንሰት ቅጠል ቁራጭም ተጣብቆበታል። ተሻለ አየው፣ እኔን አየኝ፣ ከዚያ መደርደሪያው ላይ ጋዜጣ አነጠፈለት።