ፍርድ ቤት ደጃፍ የተቀመጠችው ጸሐፊ

ሰብለ ወንጌል አዲስ አበባ ኮሌጅ ገብታ በጽሕፈት ሥራ ከተመረቀች ዓመት ሊሞላት ነው። ጠዋት ጠዋት ጫማዋን ወልውላ የጎንደርን መሥሪያ ቤቶች ትዞራለች። መልሱ ያው ነው፤ «በጀት ሲለቀቅ ተመለሽ።» ቤት ስትገባ መቀመጥ አይሆንላትም። ጣቶቿ ጉልበቷ ላይ ፊደል ይመታሉ።

«ምነው ልጄ፣ እጅሽን ብታሳርፊው?» ይሏታል አባቷ መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ።

አንድ ቀን ለዚያው ለሥራ ጥየቃ ፍርድ ቤት ደጅ ስትጠና፣ አያ አድማሴ የሚባሉ የወገራ ገበሬ ማመልከቻቸውን ይዘው እየተበሳጩ ወጡ።

«መዝገብ ቤቱ አይነበብም ብሎ መለሰብኝ! ይኸን ሁሉ መንገድ በእግሬ መጥቼ!»

ሰብለ ተቀብላ አየችው። የእጅ ጽሕፈቱን እሷም ማንበብ አቃታት። «በመኪና ቢጻፍ ኖሮ» አለች። ግን የጽሕፈት መኪና የላትም።

ምሳ ሳትበላ ቅዳሜ ገበያ ገሰገሰች። በጨርቅ ነጋዴው በአቶ የሻው ሱቅ ውስጥ አንዲት የጽሕፈት መኪና አቧራ ለብሳ እንደተቀመጠች ታውቃለች።

«ጠዋት የንግድ ደብዳቤዎን እጽፍልዎታለሁ፤ ከዚያ በኋላ መኪናዋን ወስጄ እንድሠራባት ይፍቀዱልኝ» አለቻቸው።

«ኮሌጅ የተማርሽ ልጅ! ምነው መንግሥት አልቀጠረሽም?»

«ኮሌጁ ያስተማረን ሰው ባዘጋጀው ወንበር መቀመጥ ነው። ወንበሩ ሲጠፋ ምን እንደምናደርግ የነገረን የለም።»

አቶ የሻው ስቀው እሺ አሉ።

ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ዋርካ ሥር ስትቀመጥ እዚያው በእጅ የሚጽፉት ማመልከቻ ጻፊዎች አጉረመረሙባት። በመኪና የጻፈችው የአያ አድማሴ ማመልከቻ ተቀባይነት ካገኘ ወዲያ ግን ባለጉዳይ አላጣችም።

መሪጌታ አፈሩ። «ይኸን ያህል ተምረሽ መንገድ ዳር? የደብሩ ሰው ምን ይለኛል?» ብለው አኮረፏት።

ክረምት ሊገባ ሲል ከአንድ መሥሪያ ቤት ጥሪ መጣ። አባቷ በደስታ የሚሆኑትን አጡ። ስትሄድ ሹሙ ከጃንሆይ ፎቶ ሥር ያለ ባዶ ጠረጴዛ አሳያት።

«ሥራው ምንድን ነው?»

«ለጊዜው የለም። ደመወዝሽ ይታሰባል፤ አንቺ ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። ረፋዱ አላልፍ አላት። ድንገት ተነሥታ፣ «በእኔ ፋንታ ይመኙሽን ቅጠሯት፤ አብራኝ የተመረቀች ናት፣ እናቷን የምትጦረው እሷ ናት» ብላ ወጣች።

መሪጌታ ሲሰሙ አልተቆጡም፤ ፈሩ። «ዝናቡ ሲመጣስ የት ትቀመጫለሽ?»

«አላውቅም፣ አባዬ።»

በማግስቱ ለሥራዋ የሚሆን የኪራይ ክፍል ፍለጋ በየበሩ ስታንኳኳ ዋለች። ያገኘችው ጣራው የሚያፈስ ጠባብ ክፍል ነው። ቆርቆሮውን ልትመታ መሰላል ላይ ስትወጣ መሰላሉ ከሥሯ ተንቀጠቀጠ። ወዲያው ጸና። ዝቅ ብላ ብታይ፣ መሪጌታ ጋቢያቸውን አጣፍተው መሰላሉን በሁለት እጃቸው ይዘውላታል።